ጋሽ ፍም የሚቀቀል ሥጋ ገዙ

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሥጋ ቤት ገባሁ። ከፊቴ ሦስት ሰው ተሰልፏል። መጀመሪያ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ ከጀርባቸው አወቅኳቸው፤ ትከሻው ላይ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ግራጫ ካፖርት የሚለብስ ሌላ ሰው በሰፈራችን የለም። ጋሽ ፍም ናቸው። «አለቀልኝ» አልኩ በልቤ። ከጋሽ ፍም ኋላ ሥጋ ቤት መሰለፍ ማለት የቀረውን ቀን ከነምሽቱ መሰረዝ ነው። ሥጋ ሻጩን እንደ መርማሪ ያፋጥጡታል። በሬው ስንት ዓመቱ ነበር? ምን ሲበላ ከረመ? ታርዶ ስንት ቀን ተሰቀለ? ይቺ ጅማትስ እዚህ ምን ትሠራለች፣ ማን ጋበዛት?

የዚያን ቀን ግን ምንም አልጠየቁም።

«ግማሽ ኪሎ» አሉ።

«ከሽንጡ ነዋ፣ ጋሼ?» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ቢላውን አንስቶ።

«ከፈለግከው ቦታ። የሚቀቀል ይሁን።»

ሥጋ ሻጩ ቢላውን መልሶ አስቀመጠ። «የሚ... ምን?»

«የሚቀቀል አልኩህ! በውሃ! ውሃ አታውቅም?»

ሰውየው ወደ እኔ አየ፣ እኔም ወደ እሱ። ሁለታችንም የሆነ ነገር ተሰርቆብን አሁን ገና ያወቅን እንመስል ነበር።

ድንጋጤያችን እንዲገባችሁ ጋሽ ፍምን ማወቅ አለባችሁ። ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ከሰል በተቀጣጠለበት ቦታ ሁሉ አንድ ጋሽ ፍም አሉ። ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አይችልም። እሳቱ አጠገብ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ የቀረነው ሳህን ይዘን የምንጠብቅ ሕዝብ ነን። ሥጋው መቼ እንደሚገለበጥ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ፍጡር የለም። ምክር ለመስጠት አፋችሁን የከፈታችሁ እንደሆነ ሰላጣ እንድትቆርጡ ትላካላችሁ።

የእኛው ጋሽ ፍም ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው በር፣ የሰው መስኮት፣ የሰው አጥር ሲበይዱ ኖረዋል። የሥጋ መጥበሻውንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። አንድ በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው፣ አራት እግር አቁመውለት፣ ላዩ ላይ ፍርግርግ ዘርግተው፣ ጎኑ ላይ መዘውር ገጥመውለታል፤ መዘውሩ ሲዞር ፍርግርጉ ከፍሙ ይርቃል፣ ይቀርባል። ሃያ አራት አባወራ በሚኖርበት ሕንፃችን ግቢ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ማዶ ይቆማል። በዓመት አንድ እሁድ ነዋሪው ሁሉ ወርዶ አብሮ ይበላል። እሁዱ በወረቀት ላይ የነዋሪዎች ማኅበር ነው፤ ነገሩ ግን የጋሽ ፍም ነው።

ሥጋው ሙሉ ሽንጥ መሆን አለበት፤ ያልተቆራረጠ፣ ስቡ ያልተነካ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚሸከመው። ቅዳሜ ጠዋት ይታሻል። ዘይት፣ ሎሚ፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል። ጨው ግን ዝር አይልም። «ጨው ከሥጋ ጋር አያድርም! ውሃውን ጠጥቶበት ነው የሚነጋ» ይላሉ፣ ስለሚያውቁት ሌባ እንደሚያወራ ሰው። እሁድ ረፋድ ላይ ሥጋው ያደረበት ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ክዳኑ ይነሳል። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አፍንጫቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ረዥም ትንፋሽ ይስባሉ። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን።

«ነጭ ሽንኩርቱ ዘንድሮ ትንሽ ኩራት ተሰምቶታል» ይላሉ። ወይም ደግሞ፣ «ሎሚው አፍሮ ከታች ተደብቋል።»

እናጨበጭባለን።

ሕጋቸው ብዙ ነው። ሥጋ በሹካ አይወጋም፤ የሚያዘው ራሳቸው በሠሩት ጉጠት ነው። ሥጋ የሚገለበጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሰው እንኳ ሲተኛ ስንቴ ይገላበጣል፣ ጋሼ» ያላቸው አንድ ተከራይ ነበር፤ አሁን የት እንዳለ አይታወቅም። ከእሳት የወረደ ሥጋ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ «ቢላችሁን አስቀምጡ!» የሚለው ጩኸታቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

አንደኛ ፎቅ የሚኖረው የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ዓመት፣ ጋሽ ፍም እጃቸውን ሊታጠቡ ዞር ባሉበት፣ ሥጋውን በሹካ ወጋ አደረገው። ሲመለሱ ሹካውን እንደያዘ ደረሱበት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«በስሎ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ቢሮህ መጥቼ መዝገብህን በምስማር ልብሳልህ?»

ሁለት ዓመት ሽንኩርት እንዲልጥ ተፈረደበት። ልጦ ጨረሰ። በሦስተኛው ዓመት ምሕረት ሲወርድለት አለቀሰ ይባላል፤ ሽንኩርቱ አስለምዶት ይሁን ደስታ፣ እንጃ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የጥርስ ሐኪም ደግሞ አዲስ የገዛችውን የሥጋ ሙቀት መለኪያ ይዛ ወረደች። ጋሽ ፍም ተቀብለው እንደ ሞተ ጥንዚዛ አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ሥጋው ታሟል እንዴ?» ብለው መለሱላት።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ ሰው ብቻ አይፈራቸውም ነበር። ባለቤታቸው። ብዙ ስለማይናገሩ እትዬ ዝምታ እንላቸው ነበር። ጋሽ ፍም ከቁርጥራጭ ብረት የበየዱላቸው ከባድ ወንበር ነበራቸው። እሱን ከባላቸው ጀርባ ሦስት እርምጃ ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እሳቱን ያያሉ። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ሁልጊዜ የእሳቸው ነበረች። ጋሽ ፍም ሳይዞሩ ሳህኑን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፣ እትዬ ይቀበላሉ፣ ቀስ ብለው ያኝካሉ። ከዚያ ጭሱ ያስቸግራቸዋል መሰለኝ፣ ወንበራቸውን ይጎትታሉ። ቅርርርር! ብረት በሲሚንቶ ላይ! ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። አንዳንዴ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭሱ ሲምራቸው ጭራሽ አይጎትቱም።

«ደግሞ ጀመረሽ!» ይላሉ ጋሽ ፍም፣ ዓይናቸውን ከሥጋው ሳይነቅሉ። «ጭስ ከፈራሽ ምን ልትሠሪ ወረድሽ?»

እትዬ ፈገግ ይላሉ። ግቢው ይስቃል። ትዳር ሲያረጅ እንዲህ ነው እየተባባልን እንጠቃቀስ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛው ከምሕረቱ በኋላ ሊወደድ ፈልጎ፣ ለወንበሩ እግሮች አራት የጎማ ጫማ ገዝቶ መጣ። ያን ቀን ጋሽ ፍም የተቆጡትን ቁጣ በሹካው ጊዜ እንኳ አልተቆጡም። «ማን ለመነህ? በሰው ወንበር እግር ምን አገባህ?» ብለው ጎማዎቹን ከነማሸጊያቸው ወረወሩለት። እኛም የብረት ሰው ስለሆኑ ጎማ ይንቃሉ ብለን አለፍነው።

እትዬ ዝምታ ከስምንት ወር በፊት አረፉ። ሕመማቸውም እንደ ንግግራቸው አጭር ነበር፤ ሦስት ሳምንት። ከዚያ ወዲህ ማስጫው ገመድ ላይ የሚሰጣው የጋሽ ፍም ልብስ አነሰ፤ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ አንድ ፎጣ፣ በመሀላቸው ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ የሚያህል ባዶ ቦታ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጠረ። ከሰል ስለሚሸጠው ሰው ክፋት እንኳ ማማት ተዉ።

የዘንድሮው ግብዣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነበር። ይወርዳሉ ብለን አላሰብንም። ቅዳሜ ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛው ሊለምናቸው ወጣ። በሩን ከፍተው «ሥጋውን ማን አሸው?» አሉት። «ማንም፣ ጋሼ።» «ታዲያ ምን ይገትርሃል? አምጣዋ!» ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ሲወርድ ሰምቼዋለሁ።

እሁድ ወረዱ። መጀመሪያ ይዘው የወረዱት ግን ጉጠቱን አልነበረም፤ ወንበሩን ነው። ከጀርባቸው ሦስት እርምጃ ለክተው አስቀመጡት። ማንም አልተቀመጠበትም። ክዳኑ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ፤ ስለ ሽንኩርቱ ጠባይ ግን ምንም አልተናገሩም። ሥጋው ተንጫጫ፣ አንድ ጊዜ ተገለበጠ፣ ወረደ፣ ሩብ ሰዓት ተቀመጠ። «ቢላችሁን አስቀምጡ» ሲሉ ድምፃቸው አንደኛ ፎቅም አልደረሰ። ከዚያ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቆረጡና እንደ ልማዳቸው ሳይዞሩ ሳህኑን ወደ ኋላ ዘረጉት።

የሚቀበል የለም። እጃቸው ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ። ኋላ ዞሩ፤ ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወደ እሳቱ ተመለሱ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባንም። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን።

ከዚያ በላን።

ወይ አምላኬ! ጨው በዛበት ብል ጨውን ማማት ይሆንብኛል። የመጀመሪያው ጉርሻ ምላሴን እንደ ጨርቅ ጠቅልሎ ያዘው። የጥርስ ሐኪሟ ዓይኗ ፈጠጠ። የሒሳብ ሠራተኛው ጉሮሮው ላይ የቆመውን እንደምንም አወረደና፣ «ጋሼ፣ ልክ እንደ ድሮው!» አለ። «እንዲያውም ዘንድሮ በለጠ!» አልኩ እኔ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ሃያ አራት አባወራ ሳህኑን ጠርጎ ጨረሰ። እንደዚያ ቀን በአንድ ልብ የዋሸ ሕዝብ አላየሁም።

በማግስቱ መጥበሻው ሸራ ለብሶ አገኘነው።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ያንን ግማሽ ኪሎ በፌስታል አንጠልጥለው ሲወጡ ሰልፉን ትቼ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አንቺ ጸሐፊ! ሥጋ ሳትገዢ?»

«ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«ደግ አደረግሽ። ሽንጡ ዛሬ ጅማት የበዛበት ነው።»

አይተውታል! ለሚቀቀል ሥጋ የመጣ ሰው ሽንጡን ምን ያሳየዋል? ትንሽ ተስፋ አደረግኩ።

«መጥበሻው ሸራ ለብሶ አየሁት» አልኩ።

«ቅዳሜ ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስበው ሰው ይመጣል። ይዞት ይሄዳል።»

«ምነው? ተሰበረ?»

«እኔ የበየድኩት ይሰበራል?» ብለው ቱግ አሉ። ከዚያ ወዲያው ቁጣው አለቀባቸው። ጥቂት ተራመድን። ፌስታሉ ጉልበታቸውን ይመታል። «ልጄ፣ የዚያን እሁድ ስንት ጆግ ውሃ ተጠጣ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ።»

«እኔ አውቃለሁ። ስድስት። ሌላ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ይተርፍ ነበር። ያቺ የጥርስ ሐኪም ከቧንቧው ጎንበስ ብላ ስትጠጣ አይቻታለሁ።» ቆም አሉ። «ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ብጠይቅ 'ልክ እንደ ድሮው' ይለኛል። አንቺ የሰው ወሬ ጽፈሽ የምታድሪ፣ ለእኔ አንዲት እውነት ትነፍጊኛለሽ?»

መንገዱን አየሁ። የተዘጋውን የጫማ ሱቅ አየሁ። ሌላ የማየው ነገር አጣሁ።

«ጨው ነበረው፣ ጋሼ።»

«ምን ያህል?»

«እስከ ማክሰኞ ውሃ ስጠጣ ነው የሰነበትኩት።»

ይቀየማሉ ብዬ ስፈራ ከትከት ብለው ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። የሳቁ መጨረሻ ግን ሳቅ አልነበረም። መሀረባቸውን ከካፖርቱ ኪስ እስኪያወጡ ፊቴን አዞርኩ።

«እኔ ጨው አላውቅም» አሉ ኋላ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዚንክ የተቀባ ብረት በተዘጋ ቤት ውስጥ ስበይድ፣ ጭሱን ስስብ ኖሬ፣ መጀመሪያ አፍንጫዬ ሄደ። ቀጥሎ ምላሴ ተከተለው። አፌ ውስጥ ሽንጥና ካርቶን አንድ ናቸው።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?» አልኩ እንደ ሞኝ። «ኩራቱስ? ያፈረው ሎሚስ?»

«እሷ ናታ! እሁድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ታሸትና ትነግረኛለች። እኔ ግቢ ወርጄ እተውናለሁ። ኩራት ያልኩት ግን የራሴ ነው» አሉ፣ ትንሽ ቀና ብለው። «እሷ 'ሽንኩርቱ በዛ' ነበር ያለችው።»

«ጨውስ እንዴት...»

«ወንበሩ።»

«የእትዬ ወንበር?» አልኩ።

«አንዴ ከጎተተች ጨው ጎድሏል፣ ጨምር። ሁለቴ ከጎተተች በዝቷል፣ አራግፍና ሎሚ ጭመቅበት። ዝም ካለች ልክ ነው፣ አቅርብ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እሰማለሁ፤ አፌ ይቆጣታል፣ እጄ ይታዘዛታል። ማን ይነቃል?»

«ያ ጎማ!» አልኩ።

«ያ ሞኝ! አፏን ሊያሽግብኝ!»

ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ግቢ በላይ ኖሬ፣ ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር መስኮቴን ስዘጋ ነበር። ሁለት ሰዎች ሕዝብ በተሰበሰበበት መሀል ማንም ሳያውቅባቸው የሚያወሩበት ድምፅ ነበር እንግዲህ። ሰው ሲያወራኝ መስማት ሥራዬ ነው እላለሁ፤ ጆሮ አለኝ ብዬም እኮራ ነበር።

«ለምን ደበቃችሁን፣ ጋሼ? ማን ይስቅ ነበር?»

«መሳቁን ተዪው። የማይቀምስ ሰው እሳት ላይ ቢቆም ማን ይበላለታል? ብየዳው ቀረ፣ ዓይኔ ደከመ። 'ጋሽ ፍም ካልመጣ አይሆንም' የሚባልበት አንድ ቦታ ነበር የቀረኝ።» ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩት። «የዚያን ቀን ፈራሁ። እሳት ላይ ሳለ ጨመርኩ። ሲወርድ፣ ቢያንስበትስ ብዬ ደገምኩ። ቆረጥኩና ወንበሩን ጠበቅኩት። ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ ልክ ነው ማለት ነበር። የለመደ ጆሮ ነው፣ ልጄ፣ ምን ላድርገው? አቀረብኩት።»

ሕንፃችን በር ደረስን። ግቢው ውስጥ መጥበሻው ሸራውን ለብሶ ቆሟል። የብረቱ ወንበር ከጎኑ ነው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ማንም አላነሳውም፤ መቀመጫው ላይ ከማስጫው ገመድ የወደቀች አንዲት የልብስ መቆንጠጫ አለች። ጋሽ ፍም አለፍ ብለው መቆንጠጫዋን አነሱና ገመዱ ላይ መልሰው ሰኳት።

ደረጃው ሥር ደፈርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ምላስ አለኝ።»

«እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«የምሬን ነው። እሁድ አንዲት ትንሽ ሽንጥ፣ ለእኔና ለእርስዎ ብቻ። እኔ ከኋላዎ እቀመጣለሁ። ሰው አይሰማም።»

«ቅዳሜ ሰውየው ይመጣል አልኩሽ እኮ።»

«ይምጣ።»

የደረጃውን መደገፊያ ይዘው መውጣት ጀመሩ፤ እኔ ከኋላ። እሳቸው አራተኛ ፎቅ ናቸው፣ እኔ ሁለተኛ። በሬ ላይ ደርሼ ቁልፌን ስፈልግ ቀስ እያሉ አለፉኝ። ግማሽ ኪሎው በየደረጃው ጠርዝ ላይ ይጋጫል። ክፉ ነገር ተናገርኩ፣ የእትዬን ቦታ የለመንኩ መስሏቸው ይሆናል ብዬ ራሴን እየረገምኩ ቁልፉን ከተትኩት። እርምጃቸው ከላይ ቆመ።

«ለሰውየው የድሮ የመስኮት ፍርግርግ አለኝ» አሉ፣ አንገታቸውን ሳያወጡ። «እሱን ይውሰድ።»

አራት አምስት ደረጃ ወጡ። እንደገና ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል።

«ወንበር ግን የራስሽን ይዘሽ ውረጂ» አሉኝ። «ጎማ ያለው እንዳይሆን።»